የናሙናው ቤት እመቤት

በዚያ ኮረብታ ላይ በቧንቧ ውሃ የሚወርድበት ቤት አንድ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን ውሃው የሚወርደው እንግዳ በሚመጣበት ቀን ነው። የቤቱ እመቤት ተብላ በሦስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ለፈረንጅ የታየችው ይመኙሻል አሊጋዝ ግን አንድም ቀን አድራበት አታውቅም።

ይመኙሻል የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ከቤት የወጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሐሳቧ እንደ እኩዮቿ በኦቦክ ወደብ በኩል ባሕሩን ወደ ዓረብ አገር መሻገር ነበር፤ ጅቡቲ ሲደርሱ ግን አብራት የመጣችው ጓደኛዋ ወባ ያዛትና እሷን ስታስታምም ጀልባው አመለጣት። ጓደኛዋ ድና ወደ አገሯ ስትመለስ ይመኙሻል ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር በአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም መኖሪያ ቤት በሠራተኝነት ተቀጠረች። እዚያው እየኖረች ዘጠኝ ዓመት ሠራች። ፈረንሳይኛውን የለመደችው ከወጥ ቤት ሆና ነው፤ መጀመሪያ የዕቃውን ስም፣ ቀጥሎ የልጆቹን ማባበያ፣ በመጨረሻም ባልና ሚስቱ በር ዘግተው የሚጣሉበትን።

ከዚያ ሁመድን አገባች። ሁመድ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድ፣ ትንሽ የሚያወራ፣ ብዙ የሚስቅ አፋር ነበር። አንድ የሐምሌ ቀትር ላይ ከረጢት እንደተሸከመ ወደቀና ሳይነሳ ቀረ። ለይመኙሻል የተወላት የስድስት ዓመት ልጃቸውን ራህመትን፣ ከባልባላ ሰፈር ወዲያ ኮረብታው ላይ በጣውላና በቆርቆሮ የቆመች ባለ ሁለት ክፍል ቤትን፣ እንዲሁም ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው የሚኖሩትን አክስቱን ዙለይካን ነው። ይመኙሻል በቀን ሠራተኝነት የሰው ቤት እያጸዳች ልጇን አስተማረች።

ቆርቆሮ ቤት በጅቡቲ በጋ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ግድግዳው አያስነካም። ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው፤ ያውም ሲመጣ። ሽንት ቤት ብሎ ነገር የለም። ሴቱ ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ወደ ደረቁ ወንዝ ይወርዳል፤ ረፋድ ላይ የጨነቀው የራሱ ጉዳይ ነው። ዙለይካ ሰባ አልፏቸዋል፣ ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም፤ ቁልቁለቱን የሚወርዱት በይመኙሻል ትከሻ ተደግፈው ነው።

አንድ ዓመት እሳት ተነሣ። ከማን ጓዳ እንደተነሣ ሳይታወቅ፣ ከሰዓት በኋላ በነበረው ነፋስ እየተገፋ አርባ ያህል ቤት በላ። የይመኙሻል ቤት በአንድ ረድፍ ተረፈ። እሳቱ በፈረንጅ ቴሌቪዥን ታየ ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ ነጫጭ መኪኖች ኮረብታውን ይወጡ ጀመር። ለሦስት መቶ ድሃ ቤተሰብ የሚሆን ቤት ሊሠራ ነው፣ ገንዘቡም ከውጭ ተገኝቷል ተባለ። የቃጠሎው ቦታ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተተከለ። «የክብር ቤት» ይላል፤ ሥሩ የአበዳሪዎችና የለጋሾች ምልክት ተደርድሮበታል። ሰው ሁሉ ተመዘገበ፣ አሻራ ሰጠ፣ ፎቶ ተነሣ።

የፕሮጀክቱ የኅብረተሰብ አገናኝ ሆኖ የመጣው በፍቃዱ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ቡላኦስ ሰፈር ቢሮ አለው፤ ፈረንሳይኛውም እንግሊዝኛውም እንደ ውሃ ይፈስለታል፤ በዚያ አቧራ ላይ ጫማው አንድ ቀን ቆሽሾ አይታይም። ይመኙሻል በመጀመሪያ ስታየው ደስ አላት። የአገር ልጅ በእንደዚህ ያለ ወንበር ላይ ማየት ያኮራል።

አንድ ቤት ተሠራ። አንድ ብቻ። በብሎኬት ተገንብቶ፣ ክሬም ቀለም ተቀብቶ፣ መስኮቱ መስታወት ገብቶለት ሰሌዳው አጠገብ ቆመ። ቤቱ ባለቀ ሳምንት በፍቃዱ ይመኙሻል ደጃፍ መጣ።

«እትዬ ይመኙ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው» አለ። «ገንዘቡ በአንዴ አይመጣም። አበዳሪዎቹ እየመጡ ያያሉ፤ ካዩ በኋላ ቀጣዩን ይለቃሉ። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሰው ሲኖር ማየት አለባቸው። እርስዎ ንጹሕ ሰው ነዎት። ሐሙስ መጥተው ቢቀመጡ ምን ይመስልዎታል?»

«ቤቱ ለኔ ደረሰኝ ማለት ነው?»

«ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ነዎት። የቀረው ሲሠራ ሁሉም በአንድ ቀን ይረከባል።»

ይመኙሻል ጥያቄው ነውር ያለበት አልመሰላትም። እሷ አንድ ቀን ወንበር ላይ ብትቀመጥ ሦስት መቶ ሰው ቤት ካገኘ ምን ክፋት አለው? እሺ አለች። በፍቃዱ ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ «ፈረንሳይኛ እንደሚችሉ ግን አያሳዩዋቸው» አላት። «ለምን?» ስትለው ፈገግ አለ። «ፈረንሳይኛ የሚናገር ድሃ አንጀት አይበላም። በአማርኛ ይናገሩ፣ እኔ አስተረጉማለሁ።»

ሐሙስ ዕለት ጣራው ላይ ያለው ሮቶ በጀሪካን ተሞላ። ከቢሮ አልጋ፣ መጋረጃ፣ ከፕላስቲክ የተሠራ ፍራፍሬ የሞላበት ሳህን መጣ። ለይመኙሻልም አበባ ያለው ስስ ቀሚስ ተሰጣት። እንግዶቹ ገቡ፣ ቧንቧውን ከፈቱ፣ ውሃው ሲወርድ ተያዩና ሳቁ። አንዷ «አሁን ሕይወትሽ እንዴት ነው?» ብላ አስጠየቀቻት። ይመኙሻል ስለ አሁን ምን እንደምትል ግራ ገብቷት ስለ ሁመድ ተናገረች። «ባሌ ብሎኬት ቤት እሠራልሻለሁ ይለኝ ነበር» አለች፤ ሳታስበው እንባዋ መጣ። ፈረንጆቹ አንገታቸውን ደፉ። በፍቃዱ ምን ብሎ እንዳስተረጎመ በደንብ ሰማች፤ «ዛሬ የባሌ ሕልም ተፈጸመ ትላለች» ነበር ያለው።

እንግዶቹ ሲሄዱ አልጋውም መጋረጃውም ተጫነ፣ ቀሚሱ ተመለሰ፣ በሩ ተቆለፈ። ከመቆለፉ በፊት ግን አንድ የቀረ ሥራ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ነበር፤ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ደግሞ ከምንም ጋር አልተገናኘም። የሚያብረቀርቅ ነጭ ነው፣ ውሃውም ይለቀቃል፤ ቱቦው ግን ከኋላ ግድግዳውን በስቶ ወጥቶ አየር ላይ ያበቃል። ሥሩ ባልዲ ተቀምጦለታል፤ በአሮጌ ቆርቆሮ ተከልሏል።

«ጉድጓዱ በሁለተኛው ዙር ነው የሚቆፈረው» አለ በፍቃዱ፣ ጫማውን ከቦታው እያራቀ። «ይችን ባልዲ ጣል ያደርጓታል አይደል፣ እትዬ?»

ይመኙሻል ትንፋሿን ይዛ ተሸክማ ሄዳ ደፋችው። የሰው ቤት ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት፤ ቆሻሻ አይደንቃትም። ያን ቀን ግን እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥባ እንኳ ራህመትን በዚያ እጅ ማጉረስ ቀፈፋት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። አበዳሪ ሲመጣ፣ ለጋሽ ሲመጣ፣ ጋዜጠኛ ሲመጣ ይመኙሻል ትጠራለች። ሮቶው ይሞላል፣ አልጋው ይመጣል፣ አንዱ እንግዳ መጸዳጃ ቤት ይገባል፣ እሷ ባልዲውን ትደፋለች። ከሁለተኛው ጉብኝት ጀምሮ በፍቃዱ በጆሮዋ፣ «እንደዚያን ቀን ትንሽ እንባ ብትመጣ ጥሩ ነው» ይላት ጀመር። እንባ ግን አዝዘውት አይመጣም፤ የሁመድን ስም ጠርታ ለማልቀስ የሞከረች ጊዜ ራሷን ጠላች። ሁለተኛ ቤት አልተጀመረም። ጎረቤቱ ሁሉ ቤት አግኝታ የደበቀች እየመሰለው አኮረፋት። ዙለይካ ብቻ ናቸው እንደ ወትሮው ትከሻዋን ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ «ልጄ፣ ቤቱን የሰጡሽ ቀን ሽንት ቤቱን እንዳትነፍጊኝ» የሚሏት። ይመኙሻል ስለ ባልዲው ልትነግራቸው አፏን ትከፍትና ትተወዋለች።

ራህመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ፣ በሊሴው፣ የመጨረሻው ክፍል ደርሳ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ከመሃሉ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ቀለም፣ የፕሮጀክቱ መጽሔት ነው። ትምህርት ቤታቸው ታድሏል። ሽፋኑ ላይ አበባ ቀሚስ የለበሰች ሴት እያለቀሰች ትስቃለች።

«እማ፣ ይሄ አንቺ ነሽ።»

«ምን ይላል?»

ራህመት በፈረንሳይኛው አነበበች። «አሚና፣ የስድሳ ዓመት ባልቴት፣ ከሦስት መቶዎቹ ባለ አዲስ ቤቶች አንዷ። ከዚህ በፊት ሳሙና ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ትላለች።»

ይመኙሻል አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ወረቀቱን ተቀብላ ፊቷን ተመለከተች። ስሟን ወስደዋል፣ አሥራ አራት ዓመት ጨምረውባታል፤ ይህን ሁሉ ትችለው ይሆናል። የሳሙናው ነገር ግን አንጀቷን ቆረጠው። ሕይወቷን ሙሉ የሌላውን ሰው ቤት በሳሙና ስታጥብ የኖረች ሴት።

«የክፍል ልጆች አይተውታል?» አለች።

«አይተውታል።» ራህመት ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ፣ «አላውቃትም አልኳቸው» አለች፤ ከዚያም አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ይመኙሻል አልተቆጣቻትም። እሷም ብትሆን ያችን ሴት አላውቃትም ልትል ትችል ነበር።

ያኔውኑ መተው ነበረባት። አልተወችም። ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ናት፣ ልጅቷም ልትመረቅ ነው፤ ትንሽ ብትታገስ ቤቱ ይመጣል ብላ ለስምንተኛ ጊዜ ሄዳ ተቀመጠች። ያን ዕለት እንግዶቹ ወጥተው ሰሌዳው ሥር ፎቶ ሲነሡ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅና አንድ የውጭ አገር አማካሪ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቀሩ። ይመኙሻል በሩ አጠገብ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። አማርኛ ብቻ የምታውቅ ስለመሰላቸው ድምፃቸውን አልቀነሱም።

«ሴትዮዋ ጥሩ ናት» አለ አማካሪው። «እሷ ካለቀሰች በኋላ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «በሚቀጥለው ወር ትልቋ ትመጣለች። እሷ ከፈረመች ሁለተኛው ዙር ይለቀቃል።»

«በሱ ግንባታውን ትጀምራላችሁ?»

«መሬቱማ ለመጋዘን ተሰጥቷል፤ ታውቅ የለ። ሌላ ቦታ እስኪገኝ ጥናት እናስጠናለን። ያለፈውን ያጠናኸው አንተ አይደለህ? ይሄንንም አንተው ታጠናዋለህ።»

አማካሪው ለእንግዳ በሳህን ከመጣው ተምር አንዱን አንሥቶ እያኘከ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ገባ። ይመኙሻል ውሃው ሲለቀቅ፣ ከግድግዳው ጀርባ ባልዲው ላይ ሲንቧቧ ሰማችው። ሰውየው እጁን እያራገፈ ወጣ፣ ሲያልፍ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረገና በአማርኛ «አመሰግናለሁ» አላት። የሚያውቃት የአማርኛ ቃል ያች ብቻ ነበረች።

ሁሉም ሲሄዱ ይመኙሻል ወደ ጓሮ ዞረች። ባልዲው እስከ አፉ ሞልቷል፣ ዝንብ ወርሮታል፣ ሙቀቱ ቀቅሎታል። አንሥታው ሁለት እርምጃ እንደሄደች ዳር ዳሩ ፈሰሰና እግሯን ነካት። ያን ጊዜ አጎንብሳ በሆዷ ያለውን ሁሉ አስመለሰች። ካስመለሰችም በኋላ ማቅለሽለሹ አልቆመም። ያቅለሸለሻት ሽታው ብቻ እንዳልሆነ ታውቀዋለች፤ የሰውየው መዳፍ ትከሻዋ ላይ ነበር፣ ያች «አመሰግናለሁ» ጆሮዋ ውስጥ ነበረች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ስምንት ጊዜ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው የራሷ ገላ መሆኑ ነው። ባልዲውን በቦታው መልሳ አስቀመጠችና ቤቷ ሄደች።

በወሩ ትልቋ መጣች። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ቀላል ልብስ የለበሰች ሴት ናት፤ አበዳሪዎቹን ሁሉ ወክላ የምትፈርመው እሷ ነች ተብሏል። ይመኙሻል አበባ ቀሚሱን አልለበሰችም፤ በገዛ ልብሷ ሄደች። በፍቃዱ ተቆጥቶ ሊናገራት ሲል እንግዶቹ ገቡ። ሴትዮዋ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሕይወቷ እንዴት እንደተለወጠ አስጠየቀቻት።

ይመኙሻል ተነሣች። «ማዳም፣ እኔ እዚህ አልኖርም» አለች በፈረንሳይኛ። «ማንም እዚህ አይኖርም። ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

በፍቃዱ ሳቅ ብሎ፣ «ትንሽ ተደናግራለች፤ ሙቀቱ ነው» አለ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። ሴትዮዋ ግን ተከተለቻት። ይመኙሻል ወደ ጓሮ ይዛት ዞረችና የሚከልለውን ቆርቆሮ ገፋ አደረገችው። ቱቦው፣ ባልዲው፣ የወር ዝንብ። ሴትዮዋ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ ዓይኗን ግን ከባልዲው ላይ አላነሣችም። ይመኙሻል ስለ መሬቱና ስለ መጋዘኑ የሰማችውን ነገረቻት፣ ስሟ አሚና አለመሆኑንም ነገረቻት።

ሴትዮዋ ወደ ኋላ ዞራ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የሚያውቁት?»

«ባልዲውን አላውቅም ነበር። ሌላውን ግን እገምታለሁ። በብዙ አገር አይቻለሁ። ግን ይህን ብጽፍ ገንዘቡ በሙሉ ይቆማል፤ አንድም ቤት አይሠራም። እርስዎም፣ ጎረቤቶችዎም ምንም አታገኙም። እንደዚያ እንዲሆን ይፈልጋሉ?»

ይመኙሻል ፊቷን አየቻት። ሴትዮዋ ክፉ አትመስልም፤ የደከማት ነው የምትመስለው። ያም ሆኖ የራሷን ፊርማ ሸክም አንሥታ በይመኙሻል ጀርባ ላይ ልታደርገው ነበር።

«ይጻፉት» አለቻት። «አሁንም ያገኘነው ነገር የለም።»

ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች፤ እሺም ይሁን እንቢ አይታወቅም። መኪኖቹ ኮረብታውን ሲወርዱ በፍቃዱ ወደ ኋላ ቀረ። እትዬውም እርስዎውም ከአፉ ጠፍቶ ነበር።

«ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ? ለአገርሽ ሰው እንጀራ አታስቢም?»

«ባልዲው እዚያው ነው፤ የዛሬውን አንተ ድፋው» አለችውና ጥላው ሄደች።

ሴትዮዋ ምን እንደጻፈች ኮረብታው ላይ ያለ ሰው አላወቀም። በሁለት ወሩ ሰሌዳው ተነቅሎ ሌላ ስም ያለው ሌላ ሰሌዳ ተተከለ፤ ከበፊቱ ምልክቶች ሁለቱ ጠፍተው ሦስት አዳዲስ መጥተዋል። አዲስ ምዝገባ ተካሄደ። ራህመት ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ የእናቷ ስም የለበትም። በፍቃዱም ሹመት አግኝቷል ተባለ።

ወንበሩ ላይ አዲስ ሰው ተቀመጠ። ዙለይካ ናቸው። አበባ ቀሚሱን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሲመለሱ ይመኙሻል ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው። አሮጊቷ ዓይኗን ማየት ፈሩ።

«እግሬ አላራምድ ብሎኛል፣ ልጄ» አሉ። «ከወንዙ ዳር ሆኜ ከምሞት ወንበር ላይ መቀመጡ ምን ይለኛል?»

ይመኙሻል ከዘራቸውን ተቀበለቻቸው። ዘጠኝ ጊዜ የተቀመጠች ሰው ምን ብላ ትፈርዳለች? «ባልዲውን ብቻ አይንኩ፤ ይከብድዎታል» አለቻቸው፤ እጃቸውን ይዛም ቤታቸው አስገባቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ነው ብሎኬት መግዛት የጀመረችው። በሳምንት ሦስት፣ ሲሳካላት አምስት፤ ከአህያ ጋሪ እያስወረደች ራሷ ትደረድራለች። መጀመሪያ ከዙለይካ ጋር በሚዋሰኑበት በኩል ጉድጓድ አስቆፈረች፣ ከልላም ለሁለቱም ቤት ሽንት ቤት አደረገችው። ሽታ አለው፣ መቀመጫም የለው፤ ግን ጉድጓድ ነው። ቀጥላ የፊቱን ቆርቆሮ እየነቀለች በብሎኬት መተካት ያዘች። ራህመት ከፈተናዋ በኋላ አሸዋ ታቀብላታለች። በስምንት ወር ግድግዳው እስከ መስኮቱ ሥር ደረሰ።

አንድ ጠዋት ይመኙሻል ለግድግዳው ሲሚንቶ አቡክታ፣ የጀመረችውን ልብስ አጥባ ልትጨርስ ጎንበስ ስትል ነጫጭ መኪኖቹ ናሙናው ቤት በር ላይ ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ ከቤቱ ወጥተው በእግር የመጡት አዳዲስ እንግዶች ናቸው፤ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። በፍቃዱ ከፊት ሆኖ ይመራቸዋል። ይመኙሻልን አላያትም፤ ያየው ግድግዳዋን ነው። ወደ ግድግዳው እየጠቆመ ብዙ ተናገረ፤ ከተናገረው ውስጥ ተለይቶ የገባት የፕሮጀክቱ አዲስ ስም ነበር። እንግዶቹ ካሜራ አወጡ።

ይመኙሻል ቀና አለች። «ምንድን ነው የምትላቸው?»

«ሥራሽን እያደነቅኩልሽ ነው» አለ በፍቃዱ በአማርኛ፣ ፈገግታውን ሳያጠፋ።

«ንገራቸው እንግዲያ። ይህን ግድግዳ ያቆምኩት እኔ ነኝ። እናንተ አንድ ስባሪ ብሎኬት አልሰጣችሁኝም በላቸው።»

በፍቃዱ ወደ እንግዶቹ ዞረና አስተረጎመ። እንግዶቹ ፈገግ አሉ፣ አንዱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡላት። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን የተናገረችውን ቢሰሙ ኖሮ እንደማያጨበጭቡ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልጋትም።

ይመኙሻል እጅጌዋን ሰበሰበች። ጎንበስ ብላ የልብሱን እጣቢ ከነሳፋው አነሣችና እግራቸው ሥር፣ መንገዱ ላይ ደፋችው። የሳሙናው አረፋ እየተግተለተለ በፍቃዱ ጫማ ላይ ወጣ። እንግዶቹ እየዘለሉ ወደ ኋላ ሸሹ፤ አንዷ ሴት ካሜራዋን ዝቅ አድርጋ በፍቃዱን ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። እሱ መልስ ሲፈልግ ይመኙሻል ሳፋውን ግድግዳው ላይ ደፍታ፣ ያቦካችው ሲሚንቶ ሳይደርቅባት ለመደርደር ወደ ብሎኬቶቿ ሄደች።